ቻናል 7 ሁሉ ለምን አንድ አይነት 7 ይለጥፋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ጠያቂው ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፣ ቤቱ የዲሲን ቻናል 7 ያያል፣ ኤልኤ (ሎስ አንጀለስ) እህቱ ጋ ሲሄድ ደግሞ እዛም ቻናል 7 አለ፣ ክብ ውስጥ የተቀመጠው 7 ቁርጥ ራሱ ነው። «ባለቤታቸው አንድ ነው ወይስ አንዱ ካንዱ ኮርጆ ነው? ሎጎውንስ ማን ሰራው? እኔ ደግሞ ትንሽ የአማርኛ ቻናል ልከፍት እያሰብኩ ነው፣ ስሙ ውስጥ ቁጥር ባስገባ ያዋጣል?» ይላል።

አጭሩን ላስቀድም። ኩረጃ አይደለም፣ ባለቤታቸውም አንድ አይደለም። የኤልኤው ኬኤቢሲ የኤቢሲ የራሱ ጣቢያ ነው፣ ኤቢሲ ማለት በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች ፕሮግራም የሚያቀርብ የአሜሪካ አገር አቀፍ ኔትወርክ ነው። የዲሲው ደብሊውጄኤልኤ ግን ከ2014 ጀምሮ ሲንክሌር የሚባል ሌላ ኩባንያ ነው የያዘው፣ የኤቢሲን ፕሮግራም ተዋውሎ ያስተላልፋል እንጂ ኤቢሲ አያዘውም። ሎጎው የኤቢሲ ነው፣ ፕሮግራሙን የሚያስተላልፉ ቻናል 7ቶች ደግሞ እየተፈቀደላቸው ይለጥፉታል። የሰራው ሰው ጂ ዲን ስሚዝ ይባላል፣ የሳንፍራንሲስኮ ግራፊክ ዲዛይነር፣ ዓመቱ 1962። ስለ ያንተ ቻናል መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ ምክንያቱም የመጀመሪያው ታሪክ ካልገባህ የኔ ምክር ዝም ብሎ ወግ ነው የሚመስልህ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ የኛን ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።)

እሺ፣ መጀመሪያ ለምን 7? ሎጎውን ያመጣው ቁጥሩ ነው፣ ቁጥሩን ያመጣው ደግሞ የፍቃድ ጉዳይ ነው። ኤቢሲ ከሶስቱ የድሮ ኔትወርኮች ትንሹና ድሃው ነበር። አመጣጡም እንዲህ ነው፣ ኤንቢሲ ሁለት የሬዲዮ ኔትወርክ ነበረው፣ መንግስት ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝ አትችልም ብሎ አንዱን አሸጠው፣ በ1943 ኤድዋርድ ኖብል የሚባል በከረሜላ ንግድ የከበረ ሰውዬ በ8 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ እሱ ነው በኋላ ኤቢሲ የሆነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ እንግዲህ ኤንቢሲና ሲቢኤስ ቀድመዋል፣ ኤቢሲ ከኋላ እየሮጠ ነው። በዛን ጊዜ የነበሩት ቻናሎች ከ2 እስከ 13 ናቸው፣ 1 የሚባለው በ1948 ከቴሌቪዥን ተወስዶ ለሌላ የሬዲዮ አገልግሎት ተሰጠ፣ ለዛ ነው እስካሁን አሜሪካ ውስጥ ቻናል 1 የሚባል የአየር ጣቢያ ብዙም የማታየው።

ኤቢሲ ታድያ በአምስት ትልልቅ ከተሞች ሲያመለክት በአምስቱም 7ን ነው የጠየቀው፣ አምስቱንም አገኘ። ኒውዮርክ ነሐሴ 1948፣ ሺካጎ መስከረም 1948፣ ዲትሮይት ጥቅምት 1948፣ ሳንፍራንሲስኮ ግንቦት 1949፣ ኤልኤ መስከረም 1949። ለምን 7 ለሚለው በሙያው ውስጥ ሁሌ የሚወራው፣ የኤቢሲ ሰዎች ከ2 እስከ 6 ያሉትን ቻናሎች ወታደሩ አንድ ቀን መልሶ ይወስዳቸዋል ብለው ገምተው ነበር የሚለው ነው፣ ያኔ 7 የመጀመሪያው ቁጥር ይሆናል ማለት ነው። ወታደሩ አልወሰደም። ግምቱ ስቶ ያመጣው ውጤት ግን ከማንም ኔትወርክ የተሻለ ሆነ፣ ምክንያቱም በዛን ዘመን ህግ አንድ ባለቤት ከአምስት በላይ እንዲህ አይነት ጣቢያ መያዝ አይችልም ነበር፣ ኤቢሲ አምስቱንም ኮታውን የሞላው ባንድ ቁጥር ነው። ሲቢኤስን ብታይ ኒውዮርክ፣ ሺካጎና ኤልኤ ላይ 2 ነው ግን ፊላደልፊያ ላይ 10 ሆነበት። ኤንቢሲ ኒውዮርክ፣ ኤልኤና ዲሲ ላይ 4 ነው፣ ሺካጎ ላይ 5። ባንድ ቁጥር ሁሉንም ከተማ የሚሸፍን ሎጎ መስራት የሚችለው ኤቢሲ ብቻ ነበር፣ እሱም ይሄን እድል እስከ 1962 ድረስ ብዙም አልተጠቀመበትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አሜሪካ ውስጥ ጣቢያዎች ህጋዊ ስማቸው ፊደል ነው፣ በደብሊው ወይም በኬ የሚጀምር፣ በግምት ከሚሲሲፒ ወንዝ ምስራቅ ያለው ደብሊው፣ ምዕራብ ያለው ኬ። እነዚህ ፊደሎች ለሰፊው ተመልካች ምንም አይሉም። የሺካጎው ደብሊውኤልኤስ «የዓለም ትልቁ ሱቅ» ከሚለው ነው የመጣው፣ ሬዲዮውን የከፈተው ሲርስ የሚባለው መደብር ስለነበር። ያንተው የዲሲው ጄኤልኤ የቀድሞ ባለቤቱ የጆ ኤል ኦልብሪተን ስም ነው፣ በ1977 ነው የተቀየረው፣ ከዛ በፊት ደብሊውኤምኤኤል ነበር። የኤልኤው መጀመሪያ ኬኢሲኤ ነበር፣ ኧርል ሲ አንቶኒ የሚባል የመኪና ነጋዴ ስም፣ በ1954 ኬኤቢሲ ሆነ። ኒውዮርኩ ደብሊውጄዜድ ነበር፣ በ1953 ደብሊውኤቢሲ ሆነ። ሺካጎማ ሶስት ስም ነው የቀያየረው፣ አንድ ሰሞን ደብሊውቢኬቢ ነበር። አየህ? ባለቤቱ ሲቀየር፣ ሬዲዮው ሲሸጥ፣ ፊደሉ ይቀየራል። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም ምክንያቱም ቁጥሩ የባለቤቱ ሳይሆን የፍሪኩዌንሲው ነው፣ ተመልካቹ ቤት ያለው የቴሌቪዥን ማዞሪያ ቁልፍ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ሰውዬው ሶፋው ላይ ሆኖ ልጁን «7 አድርገው» ነው የሚለው፣ «ደብሊውቢኬቢ አድርገው» ብሎ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዲዛይኑ። ከዛ በፊት የአካባቢ ጣቢያዎች የሚለጥፉት ነገር ብታየው ግርግር ነው፣ የአንቴና ማማ፣ መብረቅ፣ ማይክ፣ የከተማው ድልድይ፣ የካርቱን እንስሳ፣ ከስሩ ፊደሉ፣ ከፊደሉ ስር የከተማው ስም፣ ቁጥሩ ጥግ ላይ ተሸጉጦ። ስሚዝ ለሳንፍራንሲስኮው ኬጂኦ ሲሰራ ይሄን ሁሉ ጠረገና ክብና 7 ብቻ አስቀረ። ወፍራም 7፣ ጌጥ የለው፣ ጥላ የለው፣ ጅራት የለው። ፊደሉ የለበትም፣ ከተማው የለበትም፣ ኤቢሲ የሚልም የለበትም። ለዚህ ነው ሌሎቹ አራቱ ከተሞች አንድ መስመር እንኳን ሳይነኩ የወሰዱት። ሳንፍራንሲስኮ የሚል ነገር ቢኖርበት ወይ የጎልደን ጌት ድልድይ ቢኖርበት ዛሬ አንተ ኤልኤ ላይ አታየውም ነበር።

በዚያው በ1962 ፖል ራንድ የሚባል ታዋቂ ዲዛይነር ለኔትወርኩ ጥቁር ክብ ውስጥ ያለችውን በትናንሽ ፊደል የተጻፈች ኤቢሲ ሰራ፣ ዛሬም ያለችው እሷ ናት። ስለዚህ ኔትወርኩም ክብ፣ ጣቢያዎቹም ክብ። ብዙ ሰው ሁለቱንም ራንድ የሰራ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ሁለት ሰው ነው። እኔ በግሌ የስሚዝን አበልጣለሁ፣ የራንድን ስራ መናቄ አይደለም ግን የራንድን በየዲዛይን መጽሐፉ ታገኘዋለህ፣ የስሚዝን ደግሞ ሰው በየቀኑ እያየው ማን እንደሰራው የሚጠይቅ የለም፣ አንተ የመጀመሪያው ነህ ማለት ይቻላል።

አሁን ኮምፒውተር ላይ ለምንሰራ ሰዎች የማይታየን ነገር አለ። በዛን ጊዜ ሎጎ ማለት ካርቶን ላይ ተስሎ መቆሚያ ላይ ተደርጎ ስቱዲዮ ካሜራ የሚቀርጸው ነገር ነበር፣ ወይም ስላይድ ሆኖ በፕሮጀክተር ወደ ካሜራ የሚገባ። ምስሉ 525 መስመር ነው፣ በአይን የሚታየው 480 አካባቢ፣ ያውም ግማሽ ግማሹ እየተፈራረቀ ነው የሚሳለው፣ ስለዚህ ቀጭን አግዳሚ መስመር ካስገባህ ይርገበገባል። የብዙ ሰው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነው፣ አንቴናው ጣራ ላይ ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ምስሉ በረዶ ይዘንብበታል፣ የስክሪኑ ጠርዝ ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል፣ አንዱ ቤት የሚታየው ጥግ ሌላው ቤት ተቆርጧል። በዚህ ሁሉ መሃል አልፎ የሚታይ ነገር ወፍራም መሆን አለበት፣ መሃል ላይ መቀመጥ አለበት፣ በሁለት ቀለም መስራት አለበት። ክቡ 7 ሶስቱንም ያሟላል። ሰዎች «ሞደርኒዝም» ምናምን ይሉታል፣ ይሁን፣ እኔ ግን መጀመሪያ የሚታየኝ በበረዶ ውስጥ የሚነበብ መሆኑ ነው።

በነገራችን ላይ ይሄን የማዋሃድ ሀሳብ ኤቢሲ ብቻ አይደለም ያሰበው። ዌስቲንግሃውስ፣ ግሩፕ ደብሊው የሚባለው፣ በ1963 ለጣቢያዎቹ ሁሉ አንድ የራሱ ፎንት አሰራ፣ ቦስተን፣ ፒትስበርግ፣ ባልቲሞር፣ ሳንፍራንሲስኮ ቁጥራቸው የተለያየ ነው ግን የቁጥሩ አሳሳል አንድ ነው፣ አይተህ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ታውቃለህ። ቁጥር ሳይገጥምልህ ሲቀር መውጫው እንደሱ ነው፣ ፎንቱን አንድ ማድረግ። ለኔ ከክቡ 7 ቀጥሎ ምርጡ የጣቢያ ስራ እሱ ነው።

ወደ 7 ልመለስ። ሎጎ በራሱ ምንም አይደለም፣ ያከበረው ዜናው ነው። በ1968 ኒውዮርክ ደብሊውኤቢሲ አል ፕሪሞ የሚባል የዜና ዳይሬክተር አመጣ፣ ከፊላደልፊያ፣ እዛ «አይዊትነስ ኒውስ» (የአይን ምስክር ዜና) የሚባለውን አሰራር ከ1965 ጀምሮ ሲሰራበት ነበር። ሀሳቡ፣ አንድ ሰው ዴስክ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ከሚያነብ ሪፖርተሮቹ ራሳቸው መንገድ ላይ ወጥተው፣ ራሳቸው ቀርበው፣ ስቱዲዮ ገብተው ካንባቢው ጋር እያወሩ ይንገሩ ነው። አንባቢው ሮጀር ግሪምስቢ ከሳንፍራንሲስኮው 7 ነው የመጣው። ለመግቢያ ሙዚቃ የተጠቀሙት ላሎ ሺፍሪን ለኩል ሃንድ ሉክ ፊልም ከሰራው ሙዚቃ ላይ የተወሰደ ቁራጭ ነው፣ የሌሎች ከተሞች ኤቢሲዎችም ወሰዱት። እና ለኛ ጉዳይ ዋናው፣ ሪፖርተሮቹን ሁሉ አንድ አይነት ኮት አለበሷቸው፣ ደረቱ ላይ ክቡ 7 ያለበት።

ኮቱ ዛሬ ሲታይ ያስቃል፣ የአውቶቡስ ኩባንያ ዩኒፎርም ነው የሚመስለው፣ ያኔም የቀለዱበት ነበሩ። ግን አስበው፣ እሳት አደጋ በደረሰበት ቦታ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከንቲባው መግለጫ ሲሰጥ፣ የተቀናቃኝ ጣቢያ ካሜራ እንኳን ህዝቡን ሲቀርጽ ያ 7 መሃል ላይ ይታያል። ሎጎው ስክሪን ጥግ ላይ የሚለጠፍ ነገር መሆኑ ቀረና ሰው የሚለብሰው፣ መኪና ላይ የሚለጠፍ፣ ማይክ ላይ የሚሰካ ሆነ። ክብ ስለሆነ ደግሞ የኮት ደረት ላይ ሆነ የማይክ ኪዩብ ላይ ቦታ አይፈልግም፣ ረጅም ስም ያለው ጣቢያ እኮ ማይኩ ላይ ስሙን ለማስገባት ፊደሉን ጉንዳን ያሳክለዋል። እኛ ሀገር ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚደረደሩትን ማይኮች አጉልተህ ተመልከት፣ የትኛው እንደሚነበብና የትኛው እንደማይነበብ ወዲያው ይገባሃል።

በ70ዎቹና 80ዎቹ ቴክኖሎጂው ተቀየረ። ካርቶኑ ቀርቶ የኮምፒውተር አኒሜሽን መጣ፣ ጽሑፍ የሚጽፈው ማሽን ካይሮን መጣ፣ በ1981 ስክሪን ላይ የሚሳልበት ማሽን ኳንቴል ፔይንትቦክስ መጣ፣ እና ሁሉም ጣቢያ አበደ ልበልህ። ብረት የሚመስል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከህዋ እየበረረ መጥቶ ስክሪኑ ላይ የሚያርፍ ቁጥር። አዲስ ማሽን በተገዛ ቁጥር አዲስ ሎጎ፣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ በመጣ ቁጥር አዲስ ሎጎ። ይሄኛው በሽታ እስካሁን አለቀቀንም፣ እኔ የሰራሁለት አንድ ጣቢያ (ስሙን ተወው) አለቃ በተቀየረ ቁጥር የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ ሎጎ ነበር፣ የሚታይ ለውጥ ቶሎ የሚመጣው በሱ ነዋ፣ ዜናውን ማሻሻል ዓመት ይፈጃል። ክቡ 7 ደግሞ በዛ ዘመን ብረት ሆነ፣ መስታወት ሆነ፣ ወርቅ ሆነ፣ ተሽከረከረ፣ ኳስ ሆነ፣ ግን ልብሱን አውልቀህ ስታየው ውስጡ ያው የ1962ቱ 7 ነው።

ሳይመረምሩ መቀየር የሚያመጣውን ጣጣ ለማየት የኤንቢሲን ጉድ ስማ፣ የአካባቢ ጣቢያ ታሪክ ስለሆነ ከርዕሱ አልወጣሁም። በጥር 1976 ኤንቢሲ ፒኮኩን፣ ማለት ባለቀለም ጭራ ያላትን የወፍ ሎጎውን፣ አስቀምጦ አዲስ ሎጎ አወጣ፣ ከቀይና ሰማያዊ ቅርጽ የተሰራ ኤን ፊደል፣ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ወጥቶበት። ትንሽ ሳይቆይ ነብራስካ ያለ የትምህርት ቴሌቪዥን፣ ነብራስካ ኢቲቪ የሚባል፣ «ይሄ እኮ የኔ ነው» አለ፣ እውነትም ቁርጥ የሱ፣ ከዛ በፊት ጀምሮ ሲጠቀምበት የነበረ፣ ቤት ውስጥ በጥቂት ዶላር የተሰራ። ከሰሰ። ከፍርድ ቤት ውጭ ነው የታረቁት፣ ኤንቢሲ ሎጎውን ለማስቀረት ከ800 ሺህ ዶላር በላይ የሚገመት መሳሪያ፣ የቀለም ቀረጻ መኪና ሁሉ ያለበት፣ ሰጣቸው፣ በላዩ ላይ አዲስ ሎጎ ማሰሪያ 55 ሺህ ዶላር። ይሄን ያህል ከፍሎ ያቆየውን ኤን ከጥቂት ዓመት በኋላ ከፒኮኩ ጋር አጣመረው፣ በ1986 ደግሞ ጭራሽ ተወውና ወደ ፒኮክ ተመለሰ። ስለዚህ «ኮርጆ ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄህ የሚሆን እውነተኛ ታሪክ ከፈለግክ እሱ ነው፣ ያውም ኩረጃ አልነበረም፣ ሳያጣሩ መቸኮል ነው።

በ7 ላይ ትልቁ ፈተና የመጣው ከሽያጭ ነው። በ1986 ካፒታል ሲቲስ የሚባል ኩባንያ ኤቢሲን ሲገዛ ጣቢያው ከህጉ በላይ በዛበት፣ እና ዲትሮይትን ስክሪፕስ ለሚባል ሌላ ኩባንያ ሸጠ። በሌላ ጉዳይ ቢሆን ገዢው የራሱን ነገር ይለጥፋል። ስክሪፕስ ክቡን 7 አልነካውም፣ ዲትሮይት ላይ ዛሬም አለ። ከተማው ለምዶታል፣ ፕሮግራሙም የኤቢሲ እንደሆነ ቀጥሏል፣ ለምን ይነካዋል? የዲሲው ያንተው ጣቢያ ደግሞ በተቃራኒው ነው የገባው፣ ኤቢሲ ባለቤቱ ሆኖ አያውቅም፣ በ1947 ነው የጀመረው፣ ማለት ከአምስቱም የኤቢሲ 7ቶች ቀድሞ፣ የራሱ ሌሎች የ7 ሎጎዎች ነበሩት፣ ወደ ክቡ ዘግይቶ ነው የመጣው። ካሜሪካ ውጭም ወጥቷል፣ ፊሊፒንስ ማኒላ ያለው የጂኤምኤ ቻናል 7 በ70ዎቹ በጣም የሚመሳሰል ክብ 7 ይጠቀም ነበር።

በ90ዎቹ መጨረሻ የኤቢሲ ጣቢያዎች ራንድ የሰራትን ክብ ከስሚዝ ክብ ጎን አስቀመጡና «ኤቢሲ 7» መባል ጀመሩ። ምክንያቱ ኬብል ነው። ኬብል ቤት ሲገባ የቻናል ቁጥር እንደ ድሮው መታመን ቀረ፣ 7 ያለው ጣቢያ በአንዱ ኬብል 7 ላይ ነው በሌላው ሌላ ቦታ። ቁጥሩ ብቻውን አድራሻ መሆን ሲያቅተው የኔትወርኩን ስም መደገፊያ አደረጉለት። ለኔ ትንሽ ተጨናንቋል፣ ሁለት ክብ ጎን ለጎን መነጽር ነው የሚመስለው። ግን ምክንያቱ ይገባኛል።

ከዛ ደግሞ 2009 መጣ። ሰኔ 12 ቀን የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች አናሎጉን አጥፍተው ዲጂታል ብቻ ሆኑ። በዲጂታል ውስጥ ቴሌቪዥንህ ላይ የሚታየው ቁጥርና አየር ላይ ያለው እውነተኛው ቻናል ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ጣቢያው ከምስሉ ጋር «እኔን 7 ብለህ አሳይ» የሚል መረጃ ይልካል፣ ተቀባዩ ያሳያል። ደብሊውኤልኤስ ሺካጎ በዛን ቀን ዲጂታሉን ወደ ድሮው እውነተኛ 7 መለሰ፣ ወዲያው ስልኩ ጮኸ፣ ብዙ ቤት በተለይ በቤት ውስጥ አንቴና የሚያይ ሰው ምስሉ አልገባለትም። ዲጂታል ላይ እንደ ድሮው በረዶ እያየህ አትቀጥልም፣ ወይ ይታያል ወይ የለም። መጨረሻ ላይ ዩኤችኤፍ ወደሚባለው ከፍ ያለ የፍሪኩዌንሲ ክልል ተዛወረ፣ 44 ላይ። እና ስክሪኑ ላይ፣ ማይኩ ላይ፣ መኪናው ላይ 7 እያለ አየር ላይ 44 ሆኖ ኖረ። ማንም ተመልካች ግድ አልሰጠውም። አድራሻው ራሱ ተነስቶ ሄዶ ስሙ ብቻ ቀረ ማለት ነው፣ ያም ሆኖ ይሰራል፣ ምክንያቱም በዛን ጊዜ 47 ዓመት ሲታይ የኖረ ነገር ነው።

አንድ ሌላ እድልም ገጠመው። ዛሬ ስልክህ ላይ ያለው የአብዛኛው አካውንት ፕሮፋይል ፎቶ ክብ ነው። ሌላው ጣቢያ ረጅም ሎጎውን ክብ ውስጥ ለማስገባት መከራውን ሲያይ እነ 7 ምንም ማድረግ አላስፈለጋቸውም። ስሚዝ ይሄን አስቦ አይደለም፣ ግን ለመጥፎ ስክሪን የሚሆን ነገር ለትንሽ ስክሪንም ይሆናል፣ ችግሩ አንድ ነው።

አሁን ያንተ ቻናል። ቁጥር አታስገባ። ከላይ ያልኩህ ሁሉ የሰራው ቁጥሩ በከተማው ውስጥ ባለ ቴሌቪዥን ሁሉ ላይ አንድ አይነት ስለነበር ነው። በኛ በኩል ይሄ ሆኖ አያውቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ጣቢያው አንድ ብቻ ነው፣ አንድ ከሆነ ቁጥር ለምን ያስፈልጋል፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ጣቢያው ነው። በኋላ ብዙ ሲሆን ደግሞ በዲሽ ነው የበዛው፣ ናይልሳት፣ ከዛ ኢትዮሳት፣ በዲሽ ላይ ቁጥሩን የሚሰጠው የየቤቱ ሪሲቨር ነው፣ ያንተ ቤት 12 የሆነው ጎረቤት 340 ነው፣ ዲሽ ሰሪው መጥቶ እንደገና ሰርች ካደረገው ደግሞ ነገ ሌላ ነው። ቁጥር የምንለው ነገር ካለ ፍሪኩዌንሲ ነው፣ «ፍሪኩዌንሲያችን ተቀይሯል» ተብሎ ስክሪኑ ስር የሚሄደው፣ ቨርቲካል፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 27500፣ እሱን ደግሞ ሎጎ ላይ አታደርገውም።

ስለዚህ በኛ ገበያ አድራሻህ ስምህ ነው፣ ሰው አፉ ላይ የሚቀመጥ አጭር ነገር። ኢቲቪን እይ፣ ተቋሙ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ኢቢሲ ተባለ፣ ሎጎው ተቀየረ፣ ስቱዲዮው ተቀየረ፣ ህዝቡ ግን «ኢቲቪ ላይ አየሁት» ማለቱን አልተወም፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ራሱ ተቋሙ ቻናሎቹን ኢቲቪ ዜና፣ ኢቲቪ መዝናኛ፣ ኢቲቪ ቋንቋዎች ብሎ መጥራት ጀመረ። እዚህ ጋ ኢቲቪ የነሱ 7 ነው። ሰው አንዴ የያዘውን ስም በወረቀት አታስጥለውም። አንተ ገና ስለምትጀምር ይሄ ችግር የለብህም፣ ሌላ ግን አለብህ፣ ዩቲዩብ ላይ ስምህን ሰው በአማርኛም በላቲንም ነው የሚፈልገው፣ በላቲን አንድ አይነት ብቻ አጻጻፍ ያለው ስም ምረጥ። ቸ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ያለበት ስም በላቲን ሶስት አራት አይነት ይጻፋል፣ ግማሹ ተመልካች አያገኝህም።

ለሎጎው፣ የአማርኛ ፊደል እንዳትፈራ። አንድ ፊደል፣ ወፍራም አድርገህ፣ ለብቻዋ አስቀምጣት። ሀገር ቤትም ዲያስፖራም የሚከፈቱ ቻናሎች ብዙዎቹ የላቲን ምህጻረ ቃል ይዘው ነው የሚመጡት፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ፣ ቪ ተደበላልቀው አንዱን ካንዱ መለየት ያቅታል፣ አንድ ጥሩ የተሳለች «ሸ» ወይም «ጎ» ከሩቅ ትለያለች። ሰንደቅ ዓላማ ቀለም፣ ሉል፣ የሳተላይት ዲሽ ምልክት፣ ጎጆ ቤት፣ ጀበና፣ እነዚህን ሁሉ ተዋቸው፣ ሁሉም አለው። ግራዲየንት (አንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚቀየርበት) እና ሶስት ዲ መጨረሻ ላይ ለኢንትሮ አኒሜሽኑ ይጨመራል፣ ሎጎው ላይ አይደለም።

ከመወሰንህ በፊት በጥቁርና ነጭ አድርገህ እየው፣ የስልክ አይከን አሳክለህ እየው፣ ከዛ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ያለበት ቪዲዮ ላይ ጥጉ ላይ ለጥፈህ እየው፣ የኛ ፕሮግራም ግማሹ ነጭ የሀገር ልብስ ስለሆነ ነጭ ሎጎ እዛ ላይ ይጠፋል፣ ይሄን በበዓል ፕሮግራም ላይ ስንቱ ጣቢያ ሲጠፋ አይቻለሁ። ስሙንና ምልክቱን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ስለምትሰራ ቀድመህ የንግድ ምልክት መዝገብ ላይ ፈልግ፣ በነጻ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ነብራስካን አስታውስ። ረቂቅ ከሰራህ ላክልኝና አይቼ እነግርሃለሁ፣ ግን እባክህ ቢያጎሉት የማይደበዝዘውን ቬክተር ፋይሉን፣ ከቴሌግራም የወረደ ስክሪንሾት አትላክልኝ።